ወደ ኤልፒጂ የተቀየረ መኪና በጅማ፦ አነዳዱ፣ አያያዙና የብልሽት አፈላለጉ

በኤልፒጂ፣ ማለትም በግፊት ፈሳሽ ሆኖ በታንክ በሚያዝ ጋዝ፣ የሚሄድ መኪና ሲንተፋተፍ መጀመሪያ የሚወቀሰው ጋዙ ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ ሲታይ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያረጀ ካንዴላ፣ የጎደለ የራዲያተር ውሃ ወይም አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ ቱቦ ነው። ቤንዚን እንዲህ ያሉትን ጉድለቶች ችሎ ይሄዳል፤ ጋዝ ወዲያው ያሳብቃል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ስለ ጋዙ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ ስለ ሞተሩ ነው።

መመሪያው ጅማ ውስጥ በብዛት ለሚታዩት የቤንዚን ቶዮታዎች ይሆናል፦ ካርቡሬተር ላላቸው አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላዎች፣ ኢንጄክተር ላላቸው ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ። ናፍጣ መኪና ከዚህ ውጪ ነው።

መሙያው ይቅደም

መኪና ከማስቀየራችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ፦ ፈሳሹን ጋዝ በፓምፕ፣ በመለኪያና በፈቃድ የሚሞላላችሁ ማነው፣ የት ነው? ለምግብ ማብሰያ የሚሸጠው ሲሊንደር ለዚህ መልስ አይሆንም። ምድጃ ላይ ቆሞ ሲሠራ ከአናቱ የሚወጣው ትነት ነው፤ የመኪና ታንክ የሚሞላው ግን በፈሳሽ ነው። ሲሊንደሩን ገልብጦ በቱቦ የሚያንቆረቁር ሰው አይጠፋም። ሲገለበጥ ሥሩ የተጠራቀመው ዝቃጭና ዝገት አብሮ ይወርዳል፤ ቱቦው ቢያመልጥም ፍሰቱን የሚያቋርጥ ነገር የለም። አየር ላይ የፈሰሰ አንድ ሊትር ፈሳሽ ደግሞ ከ250 ሊትር በላይ ጋዝ ይሆናል። ይህን አታድርጉ፤ ሌላውም ሲያደርግ አጠገቡ አትቁሙ። ሲሊንደሩን ራሱን ከኋላ አስሮ ከሞተሩ ጋር ማገናኘትም ያው ነው።

የቅይጡ ነገርም አለ። ኤልፒጂ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው። ጅማ ላይ ጠዋት አየሩ 10 ዲግሪ ሲሆን ፕሮፔን ታንክ ውስጥ ከ5 ባር በላይ ግፊት ይኖረዋል፤ ብቻውን ያለ ቡቴን ግን 1 ባር እንኳ አይሞላም። የኢንጄክተር ሲስተም ከ1 እስከ 1.5 ባር ስለሚፈልግ ቡቴን የበዛበት ጋዝ ጠዋት ሞተሩን ያስርበዋል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ታንኩን ስታሞቀው ችግሩ በራሱ ይጠፋል። ጠዋት ብቻ የሚታይ ድካም ካያችሁ ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት ሻጩን ስለ ቅይጡ ጠይቁ።

ሂሳቡን እንዲህ አስሉት። ከአንድ ሊትር ጋዝ የሚገኘው ጉልበት ከአንድ ሊትር ቤንዚን ስለሚያንስ መኪናው በሊትር ሲቆጠር ከ15 እስከ 25 በመቶ የበለጠ ይጠጣል። የአንዱን ሊትር ጋዝ ዋጋ በ1.2 አባዙ፤ ውጤቱ ከቤንዚኑ ዋጋ በደንብ ካላነሰ ትርፉ የመግጠሚያውን ወጪ አይመልስም። ጋዙ በኪሎ ከተሸጠላችሁ የኪሎውን ዋጋ በ0.54 አባዙት፤ የሊትሩን ዋጋ በግምት ታገኛላችሁ።

ቀጥሎ ርቀቱ። ትርፍ ጎማ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ክብ ታንክ 45 ሊትር ቢይዝ የሚሞላው 36 ሊትር ብቻ ነው። በቤንዚን 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 8 ሊትር የሚበቃው መኪና በጋዝ 9.6 ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ 36 ሊትሩ 375 ኪሎ ሜትር ይወስደዋል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምትሞሉት አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ ጅማ ስትደርሱ ታንኩ ባዶ ነው፤ ጅማ ውስጥ ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ የምትመላለሱት በቤንዚን ይሆናል። እንዲህ ከሆነ አለማስቀየር ይሻላል፤ ገጣሚው ምንም ቢላችሁ።

ከመግጠም በፊት ሞተሩን መመርመር

ደካማ ሞተር በጋዝ አይድንም። መጀመሪያ ኮምፕረሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚጨምቁበትን ግፊት፣ አስለኩ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ስለሆነች አየሩ ሳስ ያለ ነው፤ መጽሐፉ 12 ባር የሚለው ሞተር እዚህ 10 ባር ገደማ ቢያሳይ አትደንግጡ። ዋናው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ1 ባር ከበለጠ መጀመሪያ ሞተሩ ይጠገን። ኢንጄክተር ያለው መኪና በስካነር ሲታይ የቤንዚኑ ማስተካከያ ቁጥር ከ+10 በመቶ በላይ ወይም ከ-10 በመቶ በታች ከሄደ ቤንዚኑ ራሱ ያልተስተካከለ ነው ማለት ነው። የጋዙ ኮምፒውተር የሚሠራው የቤንዚኑን ልኬት ተከትሎ ስለሆነ ስህተቱንም ይወርሳል።

ዕቃ ስትገዙ ታንኩ፣ ታንኩ ላይ ያለው መልቲቫልቭና ግፊት ቀናሹ ሪዱሰር ላይ 67አር-01 የሚል ማኅተም ፈልጉ። ክብ ውስጥ ያለው ኢ እና ቁጥር ማረጋገጫውን የሰጠውን አገር ያሳያል፦ ኢ3 ጣሊያን፣ ኢ20 ፖላንድ፣ ኢ37 ቱርክ። የተመረተበት ዓመት የሌለው ወይም መለያ ሳህኑ የተፋቀ ታንክ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ሊብሬው ላይ የነዳጁ ዓይነት ስለሚጻፍ ከመገጠሙ በፊት የተሽከርካሪ ምዝገባ ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ ከመጨቃጨቅ ያድናል።

ጋዙ የሚሄድበት መንገድ

ብልሽት ፈላጊ ይህን መንገድ በቃሉ ሊያውቀው ይገባል። ከታንኩ የሚወጣው ፈሳሽ መልቲቫልቩን አልፎ በመኪናው ሆድ ሥር በተዘረጋ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ወደ ፊት ይመጣል። ኮፈን ሥር በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ሶሌኖይድ ቫልቭ ይጠብቀዋል፤ የፈሳሹ ፊልትሮ ብዙ ጊዜ እዚያው ውስጥ ነው። ቀጥሎ ሪዱሰር ይገባል። ሪዱሰር ከራዲያተሩ በሚዞርለት ሙቅ ውሃ ፈሳሹን ያተንና ግፊቱን ይቀንሳል። የወጣው ትነት በሁለተኛ ፊልትሮ አልፎ በኢንጄክተሮች ወይም፣ በካርቡሬተር መኪና፣ ጋዙን ከአየር ጋር በሚቀይጠው ሚክሰር በኩል ወደ ሞተሩ ይገባል።

መልቲቫልቩ አራት ሥራ ይሠራል፦ ታንኩ 80 በመቶ ሲሞላ መሙያውን ይዘጋል፣ ቱቦ ቢበጠስ ፍሰቱን ይገታል፣ ግፊቱ 27 ባር ገደማ ሲደርስ ያስተነፍሳል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ በኤሌክትሪክ ይዘጋል። አንዱንም «እናልፈው» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፉን ተቀብላችሁ ውጡ።

መሙላት

1. ሞተሩን አጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ተሳፋሪ ሁሉ ይውረድ። ስልክ ኪስ ውስጥ ይቅር፤ ሲጋራ አይታሰብም።
2. የመሙያውን አፍ ክዳን ከፍታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ቀዩ የጅማ ጭቃ እዚያ ከገባ መቀመጫውን ይፍቃል፤ ከዚያ ወዲያ ክዳኑ ካልታሰረ በቀር ማፍሰሱን አይተውም።
3. አስማሚው አፍ በእጅ እስኪጠብቅ ይታሰር፤ በመፍቻ አታጥብቁት።
4. ፓምፑ በራሱ ሲቆም በቃ። «ትንሽ ይጨመር» የለም። ታንኩ 45 ሊትር ሆኖ ከ36 ሊትር በላይ ከገባ 80 በመቶው ላይ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ተበላሽቷል፤ እስኪጠገን ድረስ ታንኩ ውስጥ የቀረውንም ጨምራችሁ በሊትር ቆጥራችሁ 30 ላይ አስቁሙ።
5. ክዳኑን መልሳችሁ ዝጉ።

80 በመቶው ለጌጥ አይደለም። ፈሳሹ ከ15 ወደ 45 ዲግሪ ሲሞቅ እንደ ቅይጡ ከ7 እስከ 11 በመቶ ያብጣል። ጅማ ላይ በጠዋቱ ብርድ እስከ 95 በመቶ የተሞላ ታንክ ሰኮሩን አልፎ ጊቤ በረሃ ሲወርድ ውስጡ ለትነት የሚሆን ቦታ አይቀርለትም፤ ያኔ ማስተንፈሻው ይከፈታል። በ80 የተሞላው ግን 89 እንኳ ቢደርስ አሁንም ቦታ አለው።

ማስነሳትና መንዳት

ኢንጄክተር ያለው መኪና ሁልጊዜ በቤንዚን ይነሳል። የሪዱሰሩ ውሃ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ሲደርስ፣ እንደ አስተካካዩ፣ በራሱ ወደ ጋዝ ይዞራል። ጠዋት ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር በቤንዚን መሄዱ ጤናማ ነው፤ ቶሎ እንዲቀይር ብሎ ልኩን ወደ 20 ማውረድ ሪዱሰሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ውስጡ ያሉትን የላስቲክ ጎማዎችም ያደርቃቸዋል። ከዚህ የሚከተል ነገር አለ፦ ቤንዚን ከታንኩ ሩብ በታች አይውረድ። የቤንዚኑ ፓምፕ በብዙ አገጣጠም በጋዝ ስትሄዱም ይሠራል፤ የሚቀዘቅዘው ደግሞ ራሱ ቤንዚኑ ውስጥ ተነክሮ ነው። በ«ጋዝ አለኝ» ተማምኖ በደረቅ ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንክ) የሚነዳ ሰው በጋዝ ያተረፈውን በአንድ ፓምፕ ይከፍላል። በሳምንት አንድ ቀን አሥር ኪሎ ሜትር ያህል በቤንዚን ንዱ፤ የቤንዚን ኢንጄክተሮቹ እንዳይደርቁ።

የካርቡሬተሩ ዲኤክስ ሌላ ጠባይ አለው። መቀየሪያው ሦስት ቦታ አለው፦ ቤንዚን፣ መሐል፣ ጋዝ። ከቤንዚን ወደ ጋዝ ስትዞሩ መጀመሪያ መሐል ላይ አድርጉት፤ ሁለቱም ይዘጋሉ። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እስኪያልቅ ንዱ፤ ሞተሩ ሊዝል ሲል ወደ ጋዝ ግፉት። በቀጥታ ከዞራችሁ ሁለቱ ነዳጆች ተደርበው ሞተሩ ይታነቃል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ከጋዝ ወደ ቤንዚን ግን በቀጥታ ይዞራል። ይህን የምታደርጉት ሜዳ ላይ ነው፤ ከኋላችሁ ባጃጅና አይሱዙ በተደረደሩበት ዳገት ላይ አይደለም።

ከፍታውን በተመለከተ አንድ መልካም ዜና፦ ካርቡሬተር በከፍታ ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ አብሮ አይሳሳምና። ሚክሰር ላይ ግን ጋዙም አየሩም አብረው ስለሚሳሱ ቅይጡ ብዙም አይዛባም። አዲስ አበባ የተስተካከለ ሚክሰር ጅማ ላይ ከሞላ ጎደል ልክ ሆኖ ይሠራል። ጉልበት መቀነሱ አይቀርም፤ ያ የከፍታው እንጂ የጋዙ ጥፋት አይደለም።

ውሃው

የጋዝ ሲስተም የሚኖረው በራዲያተሩ ውሃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፈሳሽ ሲተን ሙቀት ይመጥጣል፤ ያንን ሙቀት የሚያመጣለት ውሃው ብቻ ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ደክሞ ኮፈን ስትከፍቱ ሪዱሰሩ ውርጭ ለብሶ ካገኛችሁት ጋዙን አትንኩ፤ ውሃውን ፈልጉ። በቅደም ተከተል እንዲህ ፈትሹ፦

መጀመሪያ የራዲያተሩ ውሃ ጎድሏል ወይ? ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን አትክፈቱ። ሪዱሰሩ ከራዲያተሩ አናት በላይ ከፍ ብሎ ከተገጠመ ትንሽ ሲጎድል እንኳ ውሃው አይደርሰውም፤ ዝቅ ብሎ ይገጠም። ውሃው ሙሉ ከሆነ ወደ ሪዱሰሩ የሚገቡትንና የሚወጡትን ሁለቱን ቱቦዎች በእጃችሁ ዳስሱ፤ አንዱ ሙቅ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ወይ አየር ይዟል ወይ በዝቃጭ ተደፍኗል። አየር ከሆነ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን አንስታችሁ፣ ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጡ) እያሠራችሁ ውሃ ጨምሩ፤ አረፋው ሲያቆም ዝጉት።

እዚህ አገር የተለመደው ሌላው ጥፋት ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ነው። «ሞተሩ እንዳይሞቅ» ይባላል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ከጅማ እስከ አሰንዳቦ ሄዶም በወጉ ላይሞቅ ይችላል፤ ጋዙ ዘግይቶ ይቀየራል፣ ሪዱሰሩ ይበርዳል፣ ነዳጁም ይጨምራል። ሞተር የሚፈላው በሌላ ምክንያት ከሆነ ምክንያቱ ይጠገን፤ 82 ዲግሪ ላይ የሚከፈተው ቴርሞስታት ወደ ቦታው ይመለስ።

የቧንቧ ውሃ ብቻ መጨመር ደግሞ የሪዱሰሩን ጠባብ መንገድ በዝገትና በኖራ ይደፍናል። ኩላንት ተጠቀሙ፤ በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት። በዚህ ከፍታ ክፍት ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ አለበት፤ ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ርካሽ ነው፣ ቀይሩት።

ካንዴላና ቦቢና

የጋዝና የአየር ቅይጥ ከቤንዚን ይልቅ ለመቀጣጠል ጠንካራ ብልጭታ ይፈልጋል። ስለዚህ የካንዴላውን ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር አድርጉት፤ በቤንዚን እስከ 1.1 ይኬድበት የነበረው ጋዝ ላይ ቦቢናውን (ብልጭታውን የሚያመነጨውን ጥቅል) ያስጨንቃል። ተራ ካንዴላ በየ15,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር። ኢሪዲየም ከሆነ ክፍተቱን አትንኩ፤ ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ይሰበራል። ከፋብሪካው ከታዘዘው የሞቀ ካንዴላም አትግጠሙ።

ዲስትሪብዩተር ያለው ዲኤክስ ላይ ክዳኑ፣ ሮተሩና የካንዴላ ገመዶቹ በክረምት መከራቸው ነው። ማታ ጨለማ ቦታ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን አስነሱ፤ ገመዶቹ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ሲዘል ካያችሁ እሳቱ ወደ ሲሊንደሩ አይደርስም። በሚክሰር መኪና ይህ አደገኛ ነው፦ ያልተቃጠለው ጋዝ ማስገቢያው ውስጥ ተጠራቅሞ ወደ ኋላ ይፈነዳል፣ የአየር ፊልትሮውን ሳጥን ይሰነጥቃል። አንድ ጊዜ ከፈነዳ «አልፎለታል» አይባልም፤ ገመዱ፣ ካንዴላውና የእሳቱ ሰዓት ይታዩ።

ፊልትሮ መቀየር

የፈሳሹም የትነቱም ፊልትሮ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር፤ አዲስ የተገጠመ ሲስተም ከሆነ የመጀመሪያው በ1,500 ይሁን፤ የመዳብ ቱቦው ሲቆረጥ የቀረው ፍቅፋቂ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባልና። ሥራው ከጋራዡ ጉድጓድ ርቆ፣ ሜዳ ላይ ይሠራ። ኤልፒጂ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል።

1. ሞተሩ በጋዝ እየሠራ ሳለ ታንኩ ላይ ያለውን የእጅ ቫልቭ ዝጉ። ቱቦው ውስጥ የቀረው ሲያልቅ ሞተሩ ይጠፋል ወይም ወደ ቤንዚን ይዞራል።
2. ቁልፉን አውጡ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ ሞተሩ ይቀዝቅዝ።
3. የሶሌኖይዱን የፊልትሮ ክዳን ብሎኖች ቀስ እያላችሁ አላሉ። ትንሽ «ፍስስ» ይላል፤ እስኪያበቃ ጠብቁ፣ ፊታችሁን አርቁ።
4. አሮጌውን ፊልትሮ አውጥታችሁ እዩት። ቀይ ዱቄት ካለው ከታንክ ወይም ከመሙያው የመጣ ዝገት ነው፤ ጥቁርና የሚያጣብቅ ከሆነ ጋዙ ቅባት ይዟል። ሁለተኛው ከሆነ ሪዱሰሩንም ከሥሩ ባለው ብሎን ለብ እንዳለ አፍስሱት።
5. ኦሪንጎቹ ከፊልትሮው ጋር ይቀየሩ። አሮጌው ደህና ይመስላል፤ ዳግም ሲጠብቅ ግን ያፈስሳል።
6. የትነቱ ፊልትሮ ላይ ያለው ቀስት ወደ ኢንጄክተሮቹ ይዙር።
7. የእጅ ቫልቩን በዝግታ ክፈቱ። በአንዴ ከከፈታችሁት ፍሰት መግቻው «ቱቦ ተበጠሰ» ብሎ ይዘጋል፤ ያኔ መልሳችሁ ዝጉ፣ ጥቂት ጠብቁ፣ እንደገና በቀስታ።
8. መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ ፈትሹ።

የወረቀት ፊልትሮ በኮምፕረሰር ነፍቶ መመለስ ቁጠባ አይደለም፤ ቆሻሻውን ወደ ኢንጄክተሩ መላክ ነው።

ዘይትና ቫልቭ

በጋዝ የሚሠራ ሞተር ዘይት ቶሎ አይጠቁርም። በቀለሙ አትታለሉ፤ የሚቀየርበትን ኪሎ ሜትር ጠብቁ።

ቫልቮቹ የበለጠ ትኩረት ይፈልጋሉ። ጋዝ እንደ ቤንዚን የቫልቩን መቀመጫ አያርስም፤ ስለዚህ በተለይ የጭሱ ቫልቭ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ክፍተቱም ይጠባል። ክፍተት ሲሰፋ ድምፅ ይሰማል፤ ሲጠብ ግን ሞተሩ ጭራሽ ዝም ይላል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ምልክቱ ጠዋት በሚኒሞ መንቀጥቀጥና የአንድ ሲሊንደር ኮምፕረሽን መውረድ ነው። በአንዳንድ ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ላይ ባለው 1ኤንዜድ ሞተር በብርድ የሚለካው ክፍተት ለማስገቢያው ከ0.15 እስከ 0.25፣ ለጭሱ ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ነው። በየ30,000 ኪሎ ሜትሩ አስለኩት፤ የጭሱ ወደ 0.25 ከተጠጋ ሳይዘጋ አስተካክሉ። ከጥር 2016 ዓ.ም ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ያለውን ሞተር ማቆየት ከድሮው ይበልጥ ያዋጣል።

ሽታና ፍሳሽ

ጋዙ ራሱ ሽታ የለውም፤ የሚሸተው እንዲታወቅ የተጨመረበት ነው። መኪና ውስጥ ከሸተታችሁ ጥግ ያዙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ በሮቹን ሁሉ ከፍታችሁ ውጡ፣ የታንኩን የእጅ ቫልቭ ዝጉ። መብራትም ሬዲዮም አትነካኩ። ፍሳሽ በክብሪት አይፈለግም፤ ይህ ለማንም ግልጽ ይመስላል፣ ግን ዛሬም የሚያደርገው አለ።

ግቢ ውስጥ የምታቆሙ ከሆነ ሌላ ነገር አስቡ። የሚያፈስ ጋዝ ወደ ላይ አይሄድም፤ መሬት ለመሬት ይሳባል። ከመኪናው ጥቂት ሜትሮች ዝቅ ብሎ ቡና የሚፈላበት ከሰል ወይም የሚጤስ ዕጣን ካለ ወደዚያ ይደርሳል። መኪናው ከቡናው ዝቅ ባለ በኩል ይቁም እንጂ ከላዩ አይቁም።

ታንኩ መኪናው ውስጥ ከሆነ መልቲቫልቩን የሚሸፍነው ሳጥንና ወደ መኪናው ሆድ ሥር የሚወርዱት መተንፈሻ ቱቦዎች አሉ። ከሰቃና ከአጋሮ መንገድ በክረምት የሚመጣ መኪና ሆዱ በጭቃ ስለሚለበድ ቱቦዎቹ ይደፈናሉ፤ ያኔ ትንሽ ፍሳሽ እንኳ ወደ ውጭ መሆኑ ቀርቶ ወደ ተሳፋሪው ይገባል። ባጠባችሁት ቁጥር ጎንበስ ብላችሁ አፋቸውን እዩ። እጥበት ቤት ላይ ደግሞ በግፊት ውሃ ኮፈን ሥር እንዳይረጭ ንገሩ፤ የጋዙ ኮምፒውተር ሶኬት ውሃ ከገባበት ብልሽቱ ለሳምንታት እየመጣ እየሄደ ያስቸግራችኋል።

ብልሽት ሲፈለግ

የመጀመሪያው እርምጃ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ወደ ቤንዚን ቀይሩ። ጥፋቱ በቤንዚንም ካለ የጋዝ ባለሙያ አትጥሩ። ለሙከራ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣው ዳገት ጥሩ ነው፤ አንዴ በቤንዚን አንዴ በጋዝ፣ በአንድ ማርሽ፣ በአንድ ፍጥነት ውጡት።

ጭራሽ ወደ ጋዝ የማይዞር ከሆነ የእጅ ቫልቩ ተዘግቶ ይሆናል፣ ወይም የጋዙ ፊውዝ ተቃጥሏል፣ ወይም የውሃው ሙቀት ሴንሰር ሽቦ ተበጥሷል። ዞሮ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ግፊት የለም፦ ፊልትሮ፣ ያልበቃ ሙቀት ወይም ባዶ ታንክ። የመቀየሪያው አምፖሎች የሚያሳዩትን የጋዝ መጠን አትመኑ፤ በሞላችሁ ቁጥር የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉ።

ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ከጊቤ ድልድይ ወደ ወልቂጤ ሲወጣ የሚዝል ከሆነ የፈሳሹን ፊልትሮ ቀይሩ፤ ለሜዳ የሚበቃው ፍሰት ለዳገት አይበቃም። ፊልትሮው አዲስ ከሆነ ካንዴላውን እዩ።

ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ለመነሳት ካስቸገረና የጋዝ ሽታ ካለው የጋዝ ኢንጄክተር ወይም ሶሌኖይድ በደንብ አይዘጋም። በቤንዚን ሲሠራ እንኳ ሚኒሞው ከተዛባ የሪዱሰሩ ጎማ ተቀዶ ጋዝ በቀጭኗ የቫክዩም ቱቦ እየገባ ይሆናል፤ ቱቦዋን ነቅላችሁ አሽትቱ። ራዲያተሩ አረፋ እያነሳ ጋዝ ጋዝ ከሸተተም ሪዱሰሩ ከውስጥ አፍስሷል፤ ይህን የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው ብሎ ሞተር የሚያስከፍት አለ፤ ከመክፈታችሁ በፊት መኪናውን አንድ ቀን በቤንዚን ብቻ፣ የእጅ ቫልቩን ዘግታችሁ ንዱት። አረፋው ከጠፋ ጥፋቱ የሪዱሰሩ ነው። የሪዱሰሩ ጎማዎች እስከ 80,000 ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር ይቆያሉ፤ በሙሉ ስብስብ ይቀየራሉ፣ አንዱን ብቻ አይቀይሩም።

የሞተር መብራት በርቶ ስካነር ፒ0171 ካለ ጋዙ አንሷል፣ ፒ0172 ካለ በዝቷል። መብራቱን አጥፍቶ መላክ ጥገና አይደለም። ላፕቶፕ ይገናኝና በሚኒሞ የቤንዚኑ መርጫ ጊዜ ይታይ፦ በቤንዚን 3.0 ሚሊሰከንድ ከነበረ ወደ ጋዝ ሲዞር ከ2.7 እስከ 3.3 ውስጥ መቆየት አለበት። ያው ሙከራ በ2,500 ዙርና ዳገት ላይ ይደገም። ሚኒሞ ላይ ልክ ሆኖ ዳገት ላይ ከተራራቀ የኢንጄክተሩ አፍ ጠቧል ወይም ግፊቱ ወርዷል፤ ያንን በኮምፒውተር ቁጥር ብቻ ለማስተካከል መሞከር ሞተሩን በተቃጠለ ቫልቭ ይጨርሰዋል።

ብየዳና ቀለም

አካሉ የሚበየድ ከሆነ ባትሪው ይፈታ፣ የእጅ ቫልቩ ይዘጋ፤ ብየዳው ከታንኩ ወይም ከመዳብ ቱቦው አጠገብ ከሆነ ታንኩ ይውጣ። ቀለም ምድጃ ውስጥ የሚገባ መኪና ታንኩን ይዞ አይገባም፤ ባዶ ነው የተባለ ታንክም ትነት ስለማያጣ እንደ ሙሉ ይቆጠር። ለቀለም ቀቢው ጋዝ እንዳለው ራሳችሁ ንገሩት፤ ከውጭ ሲታይ አይታወቅምና። ታንኩ በወጣበት አጋጣሚ ሥሩን ገልብጣችሁ እዩ፦ ቀለሙ ብቻ ከተላጠ ተጠርጎ ይቀባ፤ ጥፍር የሚይዘው ጉድጓድ ዝገት ወይም የተረገጠ ስርጉድ ካለው፣ ወይም ሳህኑ ላይ ከተጻፈው የምርት ዓመት 10 ዓመት ካለፈው፣ ተመልሶ አይገጠም።